አራተኛው ኪስ

ሞላሌ ላይ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ጥቅምት ከጠባ ጀምሮ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ከቤቱ የወጣ ሰው ሣሩን ሲረግጥ ከእግሩ ሥር ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ የመንዝ ሰው ስለ ልብስ ሲያወራ ስለ ጌጥ እያወራ አይደለም። የጥንቱ ልብስ ከበግ ጀርባ የሚወርድ ነበር። ጸጉሩ ይሸለታል፤ ሴቶቹ ይፈትሉታል፤ ወንዶቹ ይሸምኑታል፤ ለመኝታ ባና፣ ለትከሻ በርኖስ ይሆናል። ደህና ሆኖ የተሠራ ጥቁር በርኖስ ዝናብ አያስገባም፣ ነፋስ አያሳልፍም፣ አባት ለብሶት ለልጅ ይተርፋል።

አንድ ነገር ግን የለውም። ኪስ የለውም።

በርኖስ የሚለብሱ ሽማግሌዎች ብር ሲይዙ በጋቢያቸው ጫፍ ይቋጥሩታል። ቋጠሮ ደግሞ ምስጢር አይችልም፤ ሚስት ታየዋለች፣ ጎረቤት ያየዋል፣ ብድር ፈልጎ የመጣ ሰውም ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ እዚያ ያርፋል። እንዲህ ባለ ልብስ ውስጥ ሆኖ «የለኝም» ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ካፖርት ከመጣ ወዲህ ግን ለዚህ ድፍረት አያስፈልግም።

አያ ተክሌ ካፖርቱን የገዛው በ2011 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነው። አንድ ሙክት በ2,000 ብር ሸጠና ብሩን እየዳበሰ ወደ ሰልባጅ ተራ ወረደ። ሰልባጅ ወደ አገር እንዳይገባ ሕግ ይከለክላል። ሰልባጁ ግን በቦንዳ ታስሮ፣ በሌሊት ድንበር ተሻግሮ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ ታጥፎ መንዝ ይገባል። መንዝ ከገባ በኋላ ማን ይጠይቀዋል? ብርዱ ራሱ የይለፍ ወረቀቱ ነው።

ነጋዴው አንድ ከባድ ግራጫ ካፖርት አንጠልጥሎ አሳየው።

«ይህን ልበስና ውርጩ ካንተ ይሽሽ፣ አያ ተክሌ። ሱፍ ነው። ደግሞ አራት ኪስ አለው።»

«ሦስት ነው የማየው።»

ነጋዴው ሳቀና የግራውን ክንፍ ገለጠለት። ከገበሩ ሥር፣ ከብብት አጠገብ፣ እጅ ካልገባበት በቀር ዓይን የማያገኘው አንድ ኪስ ነበር። «ይህቺን እኔም ያገኘኋት ትናንት ነው» አለ።

አያ ተክሌ ሦስቱን ኪስ አይቶ 300 ሊሰጥ አስቦ ነበር፤ አራተኛውን ካየ በኋላ 500 ከፈለ። ጨው፣ በርበሬ፣ የልጅ ደብተር፣ የተረፈ ዕዳ ሲነሳለት 800 ብር እጁ ላይ ቀረ፤ አሥራ ስድስት የሃምሳ ብር ኖት። የድሮውን ሃምሳ ብር የሚያስታውስ ያስታውሰዋል፤ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ የተሳለበት ነው። ኖቶቹን አጣጥፎ ወደ አራተኛው ኪስ ሲሰዳቸው ጣቱ ሌላ ነገር ነካ። ብጣሽ ወረቀት ነበር፤ በፈረንጅ ፊደል ተጽፎበታል።

ከቤቱ በታች ወደሚኖረው መምህር ወሰደው። መምህሩ መነጽሩን አድርጎ አነበበና ፈገግ አለ።

«የሚገዛውን ነገር የጻፈበት ነው። ወተት። ዳቦ። ሻማ። እነዚህን ሦስቱን ሰርዟቸዋል፤ ፈጽሟቸዋል ማለት ነው። አራተኛው አልተሰረዘም።»

«ምን ይላል?»

«የጎረቤቴን ሃያ ፓውንድ መመለስ።»

አያ ተክሌ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እይልኝ የፈረንጅን ነገር! ወተቱን አልረሳ፣ ዳቦውን አልረሳ፣ ሻማውን አልረሳ!» ሳምንቱን ሙሉ ጠላ ቤት ሲገባ ይህንኑ አወራ። ወረቀቱንም አልጣለውም፤ ለማያምን ማስረጃ ይሆነኛል ብሎ ወደ ኪሱ መለሰው።

በዚያው ጥር መጨረሻ፣ ፀሐይ ሞቅ ሳትል፣ እትዬ አስካለ መጣች።

እትዬ አስካለ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ልጇ ሥራ ፍለጋ ወጥታ የሦስት ዓመት ልጇን ለእናቷ ትታለች። በዚያ ዓመት ደግሞ የኅዳር ውርጭ ገብሷን እሸት ሳለ አቃጥሎባታል። በመንዝ ደጋ ከክረምቱ አዝመራ እኩል፣ አንዳንዴም ይልቁን፣ የሚጠበቀው በልግ ነው፤ በጥርና በየካቲት ይዘራል፣ በሰኔና በሐምሌ ይታጨዳል። የበልግ ዝናብ ሲጥል ዘር የሌለው ሰው ዝናቡን ቁጭ ብሎ ያየዋል። ከዚህ የከፋ ነገር ለገበሬ የለም።

«አያ ተክሌ» አለች፣ ደጃፉ ላይ እንደ ቆመች፤ «ደመናው እየመጣ ነው። እኔ ደግሞ ዘር የለኝም። 400 ብር ብታበድረኝ ገብሱ ሲታጨድ እመልስልሃለሁ። ሙክቱን መሸጥህን ሰምቼ ነው።»

አያ ተክሌ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ «አለኝ፤ ግን አልሰጥሽም» ይላት ነበር። እሱ ግን ደግ ሆኖ መታየትንም ብሩንም አንድ ላይ ፈለገ። በ800 ብሩ ላይ ትንሽ ጨምሮ ግልገል ያላት በግ ሊገዛ አስቧል። ለግልገሏ እንኳ በልቡ ስም አውጥቶላታል።

«ውይ እትዬ አስካለ» አለ፤ «ትናንት ብትመጪ ኖሮ! ሁሉም በዕዳ አለቀ። ይኸው፣ ኪሴ ባዶ ነው።»

ቃሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ነገሩ እዚያው በቀረ። እሱ ግን የቀኝ ኪሱን ገበር ይዞ ገለበጠው፤ የገብስ ቆሎ ፍርፋሪ ረገፈ። የግራውን ገለበጠ፤ አንድ የዛገ ምስማር ወደቀ። የደረቱንም ገለበጠ፤ ምንም አልወጣም። ሦስቱ ኪሶች ምላሳቸውን አውጥተው በብርዱ መሐል ተንጠለጠሉ።

እትዬ አስካለ ሦስቱንም አንድ በአንድ አየች።

«እግዜር ኪስህን ይሙላልህ፣ አያ ተክሌ» ብላ መርቃው ሄደች።

ከዚያ ወደ ሸማኔው ቤት ነው የሄደችው። ሸማኔው በዕድሜ የገፋ፣ በርኖስ ሠርቶ የሚያድር፣ ራሱም ያንኑ አንድ ያረጀ በርኖስ የሚለብስ ሰው ነው። ጥያቄዋን ከሰማ በኋላ፣ «ብር የለኝም፤ ገብስ ግን አለኝ» አለና ከጎታው አምስት ቁና ሰፈረላት። «በዘር ትወስጃለሽ፣ በዘር ትመልሻለሽ። ወለድ የለውም፤ አጉድለሽ ግን እንዳትሰፍሪብኝ።»

በዚህ ጊዜ አያ ተክሌ ኪሶቹን ወደ ቦታቸው መልሶ እሳት እየሞቀ ነበር። ነገሩ ያለቀ መሰለው።

ሞላሌ ትንሽ ከተማ ናት። እትዬ አስካለ ሐሜት ብላ ሳይሆን አዝናለት፣ «አያ ተክሌም እኮ ተቸግሯል፤ ኪሱን ገልብጦ አሳየኝ» ብላ ለአንድ ሰው ተናገረች። በሳምንቱ የተገለበጡትን ሦስት ኪሶች ያልሰማ አልነበረም። የእድሩ ዳኛ መዋጮ ሲሰበስብ፣ «አያ ተክሌ ለዚህ ወር ይለፈው» አለ። ጠላ ቤት ሲገባ ሰው ቀድሞ ከፈለለት። የመጀመሪያው ሰሞን ደስ አለው። ሳይከፍሉ መጠጣትን ማን ይጠላል?

ገበያ ወጣ። ግልገል ያላት ነጭ በግ አየ፤ ልክ እንዳሰባት ናት። እጁን ወደ ብብቱ ሲሰድ እትዬ አስካለ ከአምስት ሰው ወዲያ ጨው ስትገዛ አያት። እጁን አወጣው። በሚቀጥለው ገበያ የእድሩ ዳኛ ከበጉ ተራ ቆሞ አገኘው። በሦስተኛው ማንም አልነበረም፤ ግን በጉን እየነዳ ሲመለስ በየደጁ የሚጠይቁትን አሰበ፤ «አያ ተክሌ፣ ብሩን ከየት አመጣኸው?» ባዶ እጁን ገባ።

ብሩ አለ፤ የሚወጣበት ቀን ግን አጣ።

በዚህ መሐል ሚስቱ ዘነበች ጠየቀችው። «አንተ ሰው፣ የሙክቱ ትርፍ ብርስ?»

ለሚስቱ ኪሱን ቢያሳያት፣ ወሬው በማግስቱ ምንጭ ላይ ነው። ስለዚህ በፊተኛው ላይ ሌላ ደረበበት።

«አበደርኩት።»

«ለማን?»

«ለአንዲት ችግረኛ። ስሟን አትጠይቂኝ። ደግ ሥራ በአደባባይ አይሠራም።»

ዘነበች ዝም አለች። ባሏ ኪሱን በገለበጠበት ዕለት ማለዳ እትዬ አስካለ ከደጃፋቸው ስትመለስ አይታታለች። አሰበችበት፤ ገባት። ባሏ የበጉን ብር ለመበለቲቱ ሰጥቶ፣ እሷን ላለማሳፈር የራሱን ኪስ ገልብጦ ባዶ ነኝ ብሎ አስወርቷል ማለት ነው! ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራ እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን አለማወቋ አስገረማት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በወጡ ላይ ቅቤ ትጨምርለት ጀመር።

አያ ተክሌ ቅቤውን ይበላል። ጣፋጭ ቅቤ ነበር።

መርሳት የሚባለው ነገር አንድ ቀን ድንገት የሚመጣ አይደለም። መጀመሪያ ሰው እጁን ወደ አንድ ቦታ ከመስደድ ይቆጠባል። ቀጥሎ ዓይኑን ይቆጥባል። ከዚያ ሐሳቡ ወደዚያ ሲሄድበት መንገዱን ያስለውጠዋል። ይህን ጥቂት ዓመት የለመደ ሰው ረሳሁ ቢል ዋሸ አይባልም።

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. መንግሥት የብር ኖት መለወጡን አስታወቀ። አሥር፣ ሃምሳና መቶ ብር ተቀየሩ፤ ሁለት መቶ ብር የሚባል አዲስ ኖት ተጨመረ፤ አሮጌውን ለመቀየር የሦስት ወር ጊዜ ተሰጠ። ሞላሌም እንደ አገሩ ሁሉ ባንክ ደጅ ተሰለፈ። ከጎታ ሥር፣ ከማሰሮ ውስጥ፣ ከትራስ ልብ፣ ከድንጋይ ግድግዳ ስንጥቅ ብር ወጣ። ምስኪን ሲባሉ የኖሩ ሰዎች ብር በጨርቅ ጠቅልለው ሲሰለፉ ታዩ፤ ሀብታም ሲባሉ የኖሩ ደግሞ ሳይሰለፉ ቀሩ። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ የሰውን ሁሉ ኪስ አወቀ።

አያ ተክሌ በሰልፉ አጠገብ ሲያልፍ፣ «አንተ አትሰለፍም?» አሉት።

«እኔ በምኔ!» አለ። «ኪሴ ባዶ መሆኑን እናንተው አታውቁም?»

ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለው። ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ሄጄ እዚያ ብቀይርስ ብሎ አሰበ፤ በማግስቱ መናኸሪያ ሲደርስ አውቶብሱ ውስጥ ያለው ግማሹ የሞላሌ ሰው ነው፤ የእድሩ ዳኛ መስኮቱን ከፍቶ ሰላም አለው። ተመልሶ መጣ። ጥቅምት አለፈ፤ ኅዳር አለፈ። ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ሞላ።

ከዚያ ወዲያ ካፖርቱን ግድግዳው ላይ ካለው ቀንድ ሰቅሎት ጋቢ መልበስ ጀመረ። «ምነው?» አለችው ዘነበች። «ትከሻዬን ይከብደኛል» አላት። አሥራ ስድስት ወረቀት ይህን ያህል የሚመዝን አይመስልም፤ ሰውየው ግን እውነቱን ነው።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሞላሌ ድረስ ገብቶ ሲወጣ ሰዉ ነፍሱን ይዞ ሸሸ። አያ ተክሌም ጋቢውን ደርቦ፣ ሚስቱን አስከትሎ ወጣ። ሲመለሱ ከቤቱ ብዙ ነገር ጎድሏል፤ ካፖርቱ እዚያው ቀንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። «ይህን የሚወስድ እንኳ ይጥፋ!» አለ አያ ተክሌ። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ስለ ካፖርቱ አልተናገረም። ከዚያ በኋላ በእውነት ረሳው።

እንዲህ ሆኖ 2017 ደረሰ።

በዚያ ዓመት ውርጩ ተራውን የአያ ተክሌን ማሳ መረጠ። ጥር ላይ በጎታው ውስጥ ለመብል የሚሆን ጥቂት ነገር እንጂ ለዘር የሚሆን የለም። አያ ተክሌ እሳቱን እየቆሰቆሰ ይተክዛል፤ ማንን ይለምን? ኪሱን ገልብጦ ያሳየ ሰው ለመለመን ፊት አያገኝም። ዘነበች ግን ፊት ነበራት። አንድ ቀን ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ለባሏ ሳትነግር፣ ነጠላዋን ተከናንባ እትዬ አስካለ ቤት ገባች።

እትዬ አስካለ ያኔ የወሰደችውን አምስት ቁና በዚያው ሐምሌ ለሸማኔው መልሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከሚታጨደው ገብስ ለዘር ለይታ ታስቀምጣለች። ዓመቱ ቢከፋም ያን ነክታው አታውቅም።

«ዘር ጎደለኝ ብዬ ነው፣ እትዬ አስካለ» አለች ዘነበች። «ባሌ መምጣቴን አያውቅም። እሱ ለሰው መስጠት እንጂ መለመን አይሆንለትም።»

እትዬ አስካለ ቀና ብላ አየቻት።

ዘነበች ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ውለታ ማንሳቴ አይደለም፤ አፌ ይቆረጥ። ግን ያኔ ላንቺ ያደረገውን አውቃለሁ። እሱ አልነገረኝም፤ እኔው ነኝ ያወቅሁት። እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።»

እትዬ አስካለ ማማሰያውን አነሳች፤ ድስቱን ማማሰል ከሚያስፈልገው በላይ ረዘም አድርጋ አማሰለች። የሴትዮዋን ፊት አየች፤ ፊቷ ላይ ኩራት ነበር፤ ብዙ ነገር የሌላት ሴት በባሏ የምትኮራበት ኩራት።

«እኔም አልረሳሁትም» አለች በመጨረሻ።

ተነሥታ አምስት ቁና ሰፈረች፤ በዘር ወስደሽ በዘር መልሺ አለቻት። ዘነበች ገብሱን ስታሸክም እትዬ አስካለ አጠገብ የቆመውን ልጅ አየችው። ያኔ የሦስት ዓመት የነበረው የልጅ ልጅ አሁን ዘጠኝ ሞልቶት በግ ይጠብቃል። በስስ ሹራብ ይንቀጠቀጣል።

በማግስቱ ዘነበች ካፖርቱን ከቀንዱ አወረደች፤ አቧራውን አራግፋ ይዛ መጣች። «ባሌ ትቶታል፤ ከብዶኛል ነው የሚለው። ልጁ ይልበሰው፤ ያድግበታል» አለች። አያ ተክሌ ማታ ባዶውን ቀንድ አየ። «ካፖርቱስ?» «ለችግረኛ ሰጠሁት። ካንተ ነው የተማርኩት።» ምንም አላለም። ለምን ልቡ እንደደነገጠ ለራሱም ቶሎ አልታወቀውም።

ልጁ ካፖርቱን ለብሶ በጎቹን አሰማራ። ካፖርቱ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ይወርዳል፤ እጅጌው ጣቶቹን ይውጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ እጁን የሚያስገባበት ፈለገ። የግራውን ኪስ ሞከረ፤ ቀዳዳ ነው። የቀኙም ቀዳዳ ነው። እጁ በደረቱ በኩል ገብቶ፣ ወደ ገበሩ አልፎ፣ ወደ ብብቱ ሲሄድ አንድ ሞቃት ቦታ አገኘ። እዚያ ወረቀት ነበር።

ማታ ለአያቱ ዘረገፈላት።

«እማማ፣ ይህ የየት አገር ብር ነው?»

እትዬ አስካለ ወደ እሳቱ ብርሃን አስጠግታ አየችው። «የእኛው ነው» አለች።

«የእኛ ከሆነ እኔ ለምን አላውቀውም?»

«አንተ ብር ሳታውቅ በፊት የነበረ ነው።»

ቆጠረችው። አሥራ ስድስት። 800 ብር። ስትቆጥር ከመሐሉ አንድ የፈረንጅ ጽሑፍ ያለበት ብጣሽ ወደቀ፤ አንስታ አብራ አኖረችው። ከዚያ ጣቷን እያጠፈች ሌላ ነገር ቆጠረች፤ የቀኝ፣ የግራ፣ የደረት። ሦስት። አራተኛ ጣቷን አነሳችና ቆም አለች። ሳቋ መጣ። ልጁ አያቱ ብቻዋን ስትስቅ አይቶ ስለማያውቅ ተጠግቶ አያት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ አያ ተክሌ ቤት ሄደች። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ቆሎም ቀርቧል። አቦሉን ጠጣች። ስለ በግ፣ ስለ ደመና ተጨዋወቱ። ቶናው ሲቀዳ ሲኒዋን አስቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ መፍታት ጀመረች።

«አያ ተክሌ፣ ያን የብድር ነገር ልጨርስ ነው የመጣሁት።»

የዘነበች ፊት ፈካ። ባሏን አየችው፤ እንዲህ ነው ደግ ሥራ፣ ዞሮ ይመጣል የሚል አስተያየት ነበር። ቋጠሮው ተፈታ። አሥራ ስድስቱ ኖት ረከቦቱ አጠገብ ተደረደሩ።

ዘነበች ጎንበስ ብላ አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«በስመ አብ! እትዬ አስካለ፣ ይህ እኮ የድሮው ነው! ብር ሲቀየር የት ነበርሽ?»

«እኔ እጄ እንደገባ ነው ያመጣሁት» አለች እትዬ አስካለ።

«እጅሽማ ከገባ ስድስት ዓመት ሆነው! ሰው አምኖ አበድሮሽ፣ ከልጆቹ አፍ ነጥቆ ሰጥቶሽ፣ ገንዘቡን አፍነሽ አፍነሽ ከሞተ በኋላ ታመጪለታለሽ? ለሰው ገንዘብ እንዲህ ነው የሚታዘን? እኔስ እንዲህ ያለሽ አትመስይኝም ነበር።»

እትዬ አስካለ ቶናዋን አንስታ ፉት አለች። አልመለሰችም።

አያ ተክሌ ኖቶቹን አየ። አሥራ ስድስት ገበሬ በሬውን እንደጠመደ ቆሟል፤ በስድስት ዓመት አንድ ትልም አላወጡም። ከኖቶቹ መሐል የፈረንጁ ብጣሽ ጫፉ ወጥቶ ይታያል። በቤቱ ውስጥ ምን እንደሚል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሦስቱ የተሰረዙ ናቸው፤ አራተኛው አልተሰረዘም።

ዝም ቢል ያልፍ ነበር። እትዬ አስካለ እንደማትናገር ተረድቷል፤ ልትናገር ብትፈልግ ኖሮ ቋጠሮዋን እንዲህ አድርጋ አትፈታም። ዘነበች ጥቂት ተቆጥታ ትተዋለች። ቅቤውም ይቀጥላል። ከእሱ የሚፈለገው ሲኒውን ማንሳት ብቻ ነው።

ሲኒውን አላነሳም።

«ዘነቡ» አለ።

«አቤት።»

«ካፖርቱ አራት ኪስ ነው ያለው።»

«ምን?»

«አራት ነው ያለው አልኩሽ።»

ዘነበች መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ምን እንደሆነ አልገባትም። ሦስቱን ኪስ ሞላሌ በሙሉ ያውቃቸዋል። ባሏን አየች። ጎረቤቷን አየች። ብሩን አየች። ካፖርቱን ለማን እንደሰጠችው አስታወሰች፤ በጥር ማለዳ ከደጃፏ የተመለሰችውን ሴት አስታወሰች። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም፤ ጀበናው ብቻ ይንተከተካል።

«ያን ሁሉ ቅቤ!» አለች ዘነበች።

እትዬ አስካለ ሲኒዋን አፏ ላይ እንዳደረገች ሳቋ አመለጣት። ዘነበች ልትቆጣ ጀምራ መሐል ላይ እሷም ሳቀች፤ ሳቁ ግን አጋማሹ ላይ ሌላ ነገር ሆነና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አነሳች። ከዚያ ተነሥታ የእትዬ አስካለን ጉልበት ልትስም ጎነበሰች። «ተይ፣ ተይ» ብላ አስካለ አነሳቻት። በረካውን ጠጥታ ነው የሄደችው።

ሰኞ ጠዋት አያ ተክሌ ባንክ ደጅ ተሰለፈ። ሰልፉ ረጅም ነው። አሥራ ስድስቱን ኖት በኪሱ አልያዛቸውም፤ በእጁ ዘርግቶ ይዟቸዋል፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ አየ። የእድሩ ዳኛ ሁለት ጊዜ አለፈ፤ በሁለተኛው ቆሞ ቆጠራቸው። አያ ተክሌ ግን አልተነቃነቀም፤ ተራው እስኪደርስ ጠበቀ።

ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ብሩን ተቀብላ አየችና መለሰችለት። «አባባ፣ ይህ አይሠራም። ጊዜው ካለፈ ዓመታት ሆነው እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ተሰለፉ?»

«ያኔ አልተሰለፍኩም» አለ። ብሩን ሰብስቦ ወጣ።

የዚያ ዓመት በልግ ደህና ጣለ። ገብሱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ደረሰ። አያ ተክሌ አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ከአዲሱ ገብስ ስምንት ቁና በአህያ ጭኖ ወደ እትዬ አስካለ ደጅ ነዳ። ሸማኔው እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። አያ ተክሌ ገብሱን አውርዶ፣ ሦስቱ ቁና ስለ ዘገየው ነገር ነው አላት።

እትዬ አስካለ ቁናዋን አመጣች። አንድ፣ ሁለት፣ እያለች እስከ አምስት ሰፈረች። ሸማኔው አሰፋፈሯን ይከታተል ነበር፤ አላጎደለችም።

«እኔ ያበደርኩት አምስት ነው» ብላ ሦስቱን መልሳ አስጫነችው።